ከድሬ እስከ ደንገጎ፦ ብዙ የሄደ ሞተር አያያዝ

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ "ስንት ሄዳለች?" ደላላው በጣቱ ቆጣሪውን ያሳያል። 140,000። የገዢው ፊት ይፈካል። ቁጥሩን ማን እንደነካካው የሚጠይቅ የለም።

የኔ ኮሮላ 287,000 አልፋለች። ዛሬም ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎ ዳገት ሳታጉረመርም ትወጣለች። የእሷን ግማሽ እንኳ ያልሄደችው የጎረቤቴ መኪና ግን አምና ሞተሯ ወርዷል። ሁለታችንም ያው ድሬ ነን፤ ያው አቧራ፣ ያው ሙቀት። እሱ "ገና ልጅ ናት" እያለ የዘይት ጊዜ ያሳልፋል። እኔ ደግሞ "አሮጊት ናት" ብዬ ስለምፈራ አላሳልፍም። አቦ፣ ፍርሃትም አንዳንዴ ይጠቅማል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ነገሩ ጠበቅ ብሏል። እጃችን ላይ ያለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። ስለዚህ ብዙ የሄደ ሞተር እንዴት እንደሚያዝ፣ እኔ በምሠራበት ቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት፦ ሞተር በምን ይደክማል?

ሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ እንዲነካካ አይፈለግም። መሃላቸው ስስ የዘይት ሽፋን አለ። ያ ሽፋን እስካለ ድረስ ብረቱ የሚበላው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ዘይት ሲያንስ፣ ሲቆሽሽ ወይም ከልክ በላይ ሲሞቅ ሽፋኑ ይሳሳል። ጠዋት ሲነሣም ዘይቱ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። በእነዚህ አጋጣሚዎች ብዛት የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት፣ ይበላል። ያኔ ግፊቱ ወደ ታች ያመልጣል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይገባል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ጭስ ይመጣል።

ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው የጎማ መዞር ብቻ ነው። ማደያ ሰልፍ ላይ ሞተር ሳታጠፉ የቆማችሁበትን ሰዓት አይቆጥርም። አንድ ሰዓት ቆሞ የሠራን ሞተር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ አድርገው የሚያስሉ አምራቾች አሉ። በድሬ ሰፈሮች መሃል፣ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ የምትመላለስ መኪና ደግሞ ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ያልነደደ ቤንዚንና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። ከተማ ውስጥ ብቻ 60,000 የዞረች መኪና፣ በረጅም መንገድ 100,000 ከሄደችው ይበልጥ ልትደክም ትችላለች።

1. ደብተር ግዙ

የተማሪ ደብተር ይበቃል። አራት መስመር አስምሩ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው፣ የታየው። "የታየው" የሚለው እንዳይቀር። "ጠዋት ሲነሣ ትንሽ ጭስ" የሚል ማስታወሻ ከስድስት ወር በኋላ መካኒኩን ብዙ ከመገመት ያድነዋል። በስልክ መያዝም ይቻላል። እኔ ግን ደብተሩን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ልሸጣት ቀን አብሯት ይሄዳል።

2. መነሻውን እወቁ

መኪናዋን ከሌላ ሰው ከገዛችሁ በቆጣሪው አትጀምሩ። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል ላስቲክ ተልጦ፣ መሪው አብረቅርቆ፣ የሹፌሩ ወንበር ተቀዶ ቁጥሩ 90,000 ካለ አንድ ነገር ተዋሽቷል። አንድ የቤት መኪና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች ብላችሁ በዕድሜዋ አባዙት። ኮፈኑን ስትከፍቱም የድሮ ዘይት ቅያሪ ወረቀት የሆነ ቦታ ተለጥፎ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሻጮች እሱን መላጥ ይረሳሉ።

አሮጌ መኪና ላይ ቆጣሪው ሳይነካም ይዋሻል። የሐረር ታክሲ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፔጆ 404 ነው። የዚያን ዘመን ብዙ መኪኖች ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ነው። 99,999 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። ስንተኛ ዙሩ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ እሱም ካስታወሰ።

ታሪኳ ካልታወቀ ሁሉንም ከዜሮ ጀምሩ። የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው፣ የአየር ማጣሪያ፣ የራዲያተር ውሃ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት። ከሁሉም በላይ ግን የታይሚንግ ቺንጋ፤ ቫልቭና ፒስተን ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገው ነው። ሞተሩ በሰንሰለት የሚሠራ ከሆነ ተገላገላችሁ። በቺንጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ90,000 እስከ 100,000 ላይ ይቀየራል። ቺንጋው መንገድ ላይ ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ በናፍጣ ሞተር ደግሞ ማምለጫ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ የቺንጋ መብራት አለ። መብራቱ የሚታዘዘው ለቆጣሪው መሆኑን ግን አትርሱ። ቆጣሪው ወደ ኋላ ከተመለሰ መብራቱም አብሮ ይሳሳታል።

3. ጠዋት ሦስት ደቂቃ ስጡት

ሞተር ሳታስነሡ፣ ደልዳላ መሬት ላይ። መኪናዋ ያደረችበትን መሬት እዩ፤ ጠብታ አለ? የዘይት መለኪያውን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሱ፣ እንደገና አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሃል መሆን አለበት። ከላይኛው ምልክት ማለፍም ጥሩ አይደለም። የቤንዚን መኪና ዘይት መጥቆሩ ብቻውን አያስደንግጥ፤ የናፍጣ ደግሞ በተቀየረ ማግሥት ይጠቁራል። የሚያስፈራው ማኪያቶ ሲመስል ነው። ያ ማለት ውሃ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው ነው።

ከዚያ ሞተር አስነሡና ልጅም ቢሆን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ ይቁምላችሁ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ታይቶ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒ (የቫልቭ ዘይት ማገጃ ላስቲክ) ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀላል ወጪ ነው። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ከመጣ ጥርጣሬው ወደ ፋሻ ይሄዳል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይ አየር አንሷል። ነጭ ጭስ ጥር ላይ ሐረር ካደራችሁ እንፋሎት ነው፤ ይጠፋል። ሞቆም ካልጠፋና ውሃው ከቀነሰ ግን ጋራዥ ሂዱ።

4. ዘይቱን በኪሎ ሜትርም በወርም ቀይሩ

የመኪናችሁ መጽሐፍ በ10,000 ቀይር ሊል ይችላል። ያው መጽሐፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ "አስቸጋሪ ሁኔታ" የሚል ሠንጠረዥ አለው። አቧራ፣ ሙቀት፣ አጭር ጉዞ፣ ብዙ መቆም፣ ዳገት። የድሬን አድራሻ የጻፈ ነው የሚመስለው። ስለዚህ እኔ በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው እቀይራለሁ። ቆማ የምትውል መኪናም ዘይቷ ያረጃል።

የዘይቱ ውፍረት ላይ ድሬ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። "ሙቀት ነው፣ ወፍራም ስጠው" ይባላል። ለድሮ ሞተር፣ ትንሽ ለለቀቀ፣ 20ደብሊው50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ምንም ችግር የለውም። ለቪትዝና ለመሳሰሉት አዲስ ሞተሮች ግን ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው። ቀጭን ዘይት ታስቦ ነው የተሠሩት። ወፍራም ስትጨምሩባቸው ጠዋት ዘይቱ ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፤ በዘይት ግፊት የሚታዘዘው የቫልቭ መቆጣጠሪያም ይሰንፋል። መጽሐፉ የፈቀደው ውስጥ ወፈር ያለውን ምረጡ እንጂ ከመጽሐፉ አትውጡ።

ፊልትሮውን ሳይቀይሩ ዘይት ብቻ መቀየር ገላን ታጥቦ የቆሸሸ ልብስ መልበስ ነው። ጣሳው ሲከፈትም ቆማችሁ እዩ። ማሸጊያው ካልተነካ አንድ ችግር ቀነሰ።

በሁለት ቅያሪ መሃል ስንት ዘይት እንደጨመራችሁ ጻፉ። የሞተርን ዕድሜ ከቆጣሪው በላይ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ብዙ አምራቾች የሚታገሡት የመጨረሻ ወሰን በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ነው። እኔ በ5,000 ውስጥ ግማሽ ሊትር እጨምራለሁ። አምናም ያው ነበር፤ አምና ያው ስለነበረ ነው ዘንድሮ የምተኛው። ድንገት ወደ አንድ ሊትር ተኩል ቢዘል ያኔ እነሣ ነበር።

5. አቧራውን ከበር መልሱ

የኛ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው። ሞተር ውስጥ ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሊንደሩን ይፍቃል። የአየር ማጣሪያውን በየዘይት ቅያሪው አውጥታችሁ ወደ ብርሃን እዩት። በኮምፕሬሰር ካስነፋችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፣ ግፊቱም ቀለል ይበል። በተቃራኒው ከነፋችሁት አቧራውን ወደ ንጹሑ በኩል እየገፋችሁ ነው። ሁለት ጊዜ ከተነፋ በኋላ ይቀየር።

ማጣሪያው አዲስ ሆኖ ሞተር የሚበላበት ሌላ መንገድ አለ። ከማጣሪያው ወደ ሞተር የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ በሙቀት ይሰነጠቃል። ጠምዘዝ አድርጋችሁ እጥፋቶቹን እዩ። ብዙ ሰው ይህን አያይም።

6. ውሃው

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ድሬ ውስጥ ብዙ ሞተር የሚሞተው በኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን በሙቀት ነው ብዬ ነው የማምነው።

ታሪኬን ልንገራችሁ። ግንቦት ነው፤ ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ሐረር እየወጣሁ። ከሳምንት በፊት አንድ ጋራዥ "መኪናሽ ትሞቃለች" ብሎ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጥሎታል፣ ራዲያተሩን ደግሞ በቧንቧ ውሃ ሞልቶልኛል። የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ የሙቀት መርፌው መነሣት ጀመረ። ዳር ያዝኩ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ልከፍት ስል ጫት ጭኖ የሚበር አይሱዙ ፍሬን ያዘና ሹፌሩ ከመስኮት ጮኸ፦ "አቦ እንዳትከፍቺው! ፊትሽን ነው የሚቀቅለው!" እግዜር ይስጠው። ጫት የጫነ ሹፌር ቆሞ ሰው ሲመክር ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከ40 ደቂቃ በላይ ጥላ ስር ጠበቅን።

በኋላ ራዲያተሩ ሲከፈት ውስጡ የድሬ ማንቆርቆሪያ መስሏል። ነጭ ድንጋይ ጋግሯል። ውሃችን ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው። ሻይ ስታፈሉ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይሠራል። ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍንና ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ፣ በመሃል ሐረማያ 2,000 አካባቢ። በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ድሬ ላይ በ96 የሚፈላው ውሃ ሐረማያ ላይ በ93 ገደማ ይፈላል። ዳገቱ ሞተሩን በሚያስጨንቅበት ሰዓት ውሃው ቶሎ ለመፍላት ይዘጋጃል ማለት ነው። ይህን የሚያድነው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ መፍያው በ20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ግፊት የለም። በጣም ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቴስታታ ግን በእሱ ይጣመማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አሮጌውን ውሃ አፍስሱ። ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ አጥቡ። ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና ዲስቲልድ (የተጣራ) ውሃ ግማሽ በግማሽ ሙሉ። "ድሬ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ኩላንት መፍያውንም ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ክዳኑን ቀይሩ። ቱቦዎቹን በእጅ ጨምቁ፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ሊጥ የላላ ይውጣ። ማራገቢያው በሰዓቱ መነሣቱን እዩ። በአየር ማቀዝቀዣውና በራዲያተሩ መሃል የተጠቀጠቀውን አቧራና ነፍሳት በቀስታ ውሃ አጥቡ።

ቴርሞስታቱንም መልሱት። ማውጣቱ የሞቃት አገር መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ሞተሩ የሚፈልገው ሙቀት ላይ ሳይደርስ እንዲሠራ ያደርገዋል። ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ፋሻው ቶሎ ያልቃል። ቴርሞስታት ያወጣ መካኒክ የሙቀቱን ምክንያት አላገኘም ማለት ነው።

7. ነዳጁን በሂሳብ ያዙ

ታንኩን ሙሉ፤ ቆጣሪውን ጻፉ። እስኪጎድል ንዱ፣ በዚያው ማደያ እንደገና ሙሉ። 442 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 34 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ምንም አይነግርም። ሦስት አራት ጊዜ ተከታትሎ ከ13 ወደ 11 ሲወርድ ግን ሞተሩ እያወራ ነው። ወደ ጋራዥ ከመሮጣችሁ በፊት የጎማ ነፋስ፣ የአየር ማጣሪያ፣ እየያዘ የሚሄድ ፍሬን፣ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። ካንዴላው ሲወጣ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል። በዘይት ከረጠበ ታሪኩ ሌላ ነው።

በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ካስገባችሁ ሂሳቡን እንደገና ጀምሩ። በውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅ።

8. ደንገጎ ላይ ፈትኗት

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በወር አንድ ጊዜ ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጭነት አድርጌ እወጣለሁ። የማየው ሦስት ነገር ነው፦ የትኛው መታጠፊያ ላይ ማርሽ እንደቀነስኩ፣ መርፌው የት እንደደረሰ፣ ላይ ስደርስ የሚሸት ነገር አለ ወይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ስለዚህ ሐረማያ ላይ ከድሬ ይልቅ ብትሰንፍ ጥፋቱ የሷ አይደለም። የምታወዳድሩት ያለፈውን ወር ደንገጎ ከዚህ ወር ደንገጎ ጋር ነው።

ስትመለሱ በማርሽ ይዛችሁ ውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አድርጎ መልቀቅ ፍሬን ያቃጥላል። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ስለሚዘጋ የሚተርፍም ነገር የለም።

9. "ሞተር ይውረድ" ሲባሉ

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት፣ ይለካ በሉ። የቤንዚን ሞተር ደኅና ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 13 ባር ያሳያል። ከቁጥሩ ይበልጥ በሲሊንደሮቹ መሃል ያለው ልዩነት ይናገራል። ሦስቱ 12 ሆነው አንዱ 8 ከሆነ ችግሩ እዚያ አንዱ ጋ ነው። በዚያው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይ ጓርኒሲዮን ነው፤ ያኔ ቴስታታውን ብቻ አውርዶ መሥራት ሊበቃ ይችላል። በሁለቱ መሃል ያለው የዋጋ ልዩነት የትየለሌ ነው። "አብሽሪ፣ በጆሮዬ አውቀዋለሁ" የሚል መካኒክ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። መለኪያ ግን ይዞ ይምጣ።

ሞተሩ ከወረደ በኋላ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር አታስጨንቁት። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ይቀየር፤ የብረት ብናኝ ይዟል።

የቀሩት ፈጠን ፈጠን ብለው የሚታለፉ ናቸው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ፣ እርጥበት ስለሚጠጣ። ባትሪ በኛ ሙቀት ዕድሜው ያጥራልና ከዝናብ ወራት በፊት ይለካ። ጎማ ገና ጥርስ ቢኖረውም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች እዩ፤ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱ ነው።

የኔ ደብተር የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ "287,400። ዘይት ግማሽ ሊትር ተጨመረ። ደንገጎ ላይ መርፌው አልተነቃነቀም። የኋላ ግራ ጎማ ነፋስ ይቀንሳል።" ነገ ጠዋት ጎሚስታ ጋ ነኝ።